ሰባት ቤት የቆለፍኩ ሰሞን

የቤቴ ቁልፍ የሚቀመጠው ከበሩ በስተግራ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ነው። ይህን ስጽፍ ምስጢር ያወጣሁ እንዳይመስላችሁ፤ በሰፈራችን የማያውቀው የለም። ጎረቤታችን እትዬ ዘምዘም ወንፊት ሲያስፈልጋቸው ድንጋዩን ያነሳሉ፣ ከፍተው ይገባሉ፣ ወንፊቱን ይዘው ይወጣሉ፣ ቁልፉን ወደ ቦታው ይመልሳሉ። አንድ ክረምት እንዲያውም እኔ ራሴ ቁልፉን አጥቼ በር ላይ ስንቆራጠጥ፣ ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ «ውሃ ገብቶበት እንዳይዝግ ብዬ ከባልዲው ሥር አዛውሬዋለሁ!» አለኝ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላጣራሁም። ማጣራቱም ነውር ነው፤ ሰውየው አሰበልኝ እንጂ ምን አደረገኝ?

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ እየኖረ ላፕቶፑን በአራት ዓይነት መቆለፊያ የቆለፈ ሰው ብታገኙ ምን ትሉታላችሁ? አትፈሩ፣ በሉት። ሰውየው እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ወልድያ ላይ ነው። መርሳ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ለመምህራን የሁለት ቀን ሥልጠና ተዘጋጀና ከትምህርት ቤታችን እኔ ተላክሁ። የተመረጥኩት በችሎታዬ አይደለም፤ የራሴ ላፕቶፕ ስላለኝ ነው። ርዕሱ የኮምፒውተር ደህንነት ይላል። አሰልጣኙ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የቀረ፣ ድምፁ ግን ጎብዬ ድረስ የሚሰማ ወጣት ነበር።

«አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ አንድ ሰው የእናንተን ኮምፒውተር ለመክፈት እየሞከረ ነው!» አለ።

ሁላችንም ቦርሳችንን ዳበስን። ከጎኔ የተቀመጠው የሒሳብ መምህር ኮምፒውተር የለውም፤ እሱም ዳበሰ።

ከዚያ አሰልጣኙ ፕሮጀክተሩን ሊያበራ ሲል ማሽኑ ፓስወርድ ጠየቀው። ከመድረክ ላይ ሆኖ «ስንት ነበር?» ብሎ ጮኸ። ረዳቱ ከአዳራሹ ጫፍ «አንድ ሁለት ሦስት አራት!» ብላ መለሰችለት። ወዲያው ግድግዳው ላይ «ጠንካራ ፓስወርድ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ርዕስ በትልቁ ወጣ። ልብ ያለው ሰው ያን ጊዜ ተነስቶ ይሄዳል። እኔ ግን የሻይ ዕረፍቱ ገና ስለነበር ቁጭ ብዬ ሁሉንም በደብተር ገለበጥኩ።

ከገለበጥኩት ውስጥ ሁለቱን ነገር አስታውሱልኝ። አንደኛው፣ ፓስወርድ ቃል ሳይሆን ረጅም ዓረፍተ ነገር ቢሆን ይመረጣል የሚል ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ፓስወርዱን የረሳ ሰው ባለቤት መሆኑን የሚያረጋግጥባቸው የደህንነት ጥያቄዎች አሉ፤ ማሽኑ ስለ ልጅነትህ፣ ስለ ወላጆችህ ምናምን ይጠይቅሃል። «ለነዚህ ጥያቄዎች እውነተኛውን መልስ እንዳትሰጡ!» አለ አሰልጣኙ። «የሚያውቃችሁ ሰው ይገምተዋል። ዋሹ!»

ውሸት በሥልጠና ሲሰጥ ያየሁት ያኔ ነው።

መርሳ የተመለስኩት ሌላ ሰው ሆኜ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት «ወዴት ነህ ልጄ?» ቢሉኝ «ወደ ደቡብ» ብዬ መለስኩላቸው። ቤት እንደገባሁ የላፕቶፑን ካሜራ በቁስል ፕላስተር ሸፈንኩ። ለአንድ ደቂቃ ካልተነካ በራሱ እንዲቆለፍ አደረግኩት፤ ላስነጥስ ዞር ካልኩ ይቆለፋል። ፍላሼን ቫይረስ ይዞ ይሆናል ብዬ ባዶ አደረግኩት። ሃርድ ዲስኩንም ቆለፍኩት። ማሽኑም ደግ ነው፣ ለክፉ ቀን ይሁንህ ብሎ አርባ ስምንት አሃዝ ያለው የማዳኛ ቁጥር ሰጠኝ። በወረቀት አሳተምኩት። ወረቀት ደግሞ በሌባ እጅ ይገባል ተብሏል። ስለዚህ በቃሌ ላጥና ብዬ ጀመርኩ፣ አሥራ ሁለት አሃዝ ያዝኩ፣ የቀረው መቼም ይመጣል ብዬ ወረቀቱን ቀዳደድኩት።

በዚህ አላበቃሁም። ለቀብርና ለሐዘን በምንረዳዳበት ቅሬያችን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ስለ ፓስወርድ ግንዛቤ አስጨበጥኩ። ከሰማንያ አባል ኮምፒውተር ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። «ፓስወርዳችሁን ለማንም እንዳትናገሩ!» ስል፣ ከፊት የተቀመጡት ጎረቤታችን ሸህ ሰኢድ፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ሰው፣ ዱላቸውን ተደግፈው በጣም አዝነው አዩኝ።

«እኔ እንኳ አልናገርም፤ አብሽር» አሉኝ።

ሚስቴ በላይነሽ ግን እንደሳቸው አልታገሠችም። ፓስወርዱን ስጽፍ አጠገቤ ሆና ሽንኩርት ትከትፍ ነበር።

«ለእኔስ አትነግረኝም?» አለች።

«ላንቺም ቢሆን። ሕጉ ነው።»

«እሺ» አለች። የበላይነሽን «እሺ» የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ሽሮ ጨው የሚባል ነገር አላየም። ረስታው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ምን እንዲህ የሚቆለፍ ሀብት ነበረህ ትሉኝ ይሆናልና። አንድ ጽሑፍ ነበረኝ። የአባቴ አጎት አያ ጌታሁን የወገናችንን ዘር በቃላቸው የሚያውቁ የመጨረሻው ሰው ነበሩ። በእኛ ዘንድ ሰው ከመጋባቱ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ሁለቱ ወገኖች ሰባት ትውልድ ድረስ በአንድ አያት ከተገናኙ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት አያ ጌታሁንን ማንጎ ዛፋቸው ሥር አስቀምጬ ሲቆጥሩ በላፕቶፔ ጻፍኩ። ኅዳር ላይ አረፉ። ሐዘኑ ላይ ሴቶቹ «እንግዲህ ማን ይቆጥርልናል!» እያሉ ሲያለቅሱ እኔ ተነሥቼ «አትዘኑ፤ አያ ጌታሁን አልሞቱም፣ ሴቭ ተደርገዋል» አልኩ። ይህን ንግግር ሳስታውስ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አንዲት መስመር አለች። የእኛን ቆጥረው ሲጨርሱ አያ ጌታሁን ሞቅ ብሏቸው ነበርና «እስቲ የሚስትህንም ልቁጠርልህ» ብለው የበላይነሽን ወገን ከሲሪንቃ ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ መጥተው ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ድንገት ጸጥ አሉ። ከዚያ ወደ ማንጎው ቀና ብለው «ይቺን አትጻፋት» አሉኝ። እኔ ጽፌያት ነበር። እንድሪስ ይላል። የእኔም ስድስተኛ እንድሪስ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት በትዳር ኖረን፣ ሦስት ልጅ ከወለድን በኋላ፣ እኔና ሚስቴ በስድስት ቤት እንደምንገናኝ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተረዳሁ።

መሰረዝ እችል ነበር። ግን ታሪክ አይሰረዝም የሚል ኩራት ያዘኝ፤ የታሪክ መምህር እንኳ አይደለሁም። ለበላይነሽም አልነገርኳት። ለማንም አልነገርኩም። እንግዲህ ወልድያ ላይ ስለ ምስጢር ሲወራ ከሁሉ በላይ ደንግጬ የጻፍኩት ለምን እንደሆነ ገባችሁ።

አንዲት እህት አለችኝ፣ ሰናይት። ከገበያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። ደረጀ የሚባል የውርጌሳ ልጅ፣ ሚኒባስ ይነዳል፣ አራት ዓመት ሙሉ በሱቋ በር ባለፈ ቁጥር ጥሩምባ ሲነፋላት ኖሮ በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። ሁሉ ነገር ሰመረ፤ ሠርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት ላለው ለቅበላው እሑድ ተቆረጠ። ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ የደረጀ ሽማግሌዎች ሳይጠበቁ ተመልሰው መጡ። መሪያቸው አያ ወርቁ ሲቀመጡ ፊታቸው አላማረኝም።

«ነገር ከመበላሸቱ በፊት ይጣራ ብለን ነው» አሉ። «የልጁ አክስት አንድ ወሬ ሰምታለች። ከናንተ ቤት በእንድሪስ በኩል በስድስት ቤት የሚገናኝ ጋብቻ አለ ይባላል። እንግዲህ ልጆቹ ከሆኑ…»

 ወሬው እውነት ነው፤ የሳተው ሰዎቹን ነው። የእኔን ትዳር ጉድ እህቴ ላይ ጭነውባታል። እዚያው «እንድሪስ የእኔ ጣጣ ነው» ብዬ ብናገር ነገሩ ያበቃ ነበር። ግን የንስሐ አባታችንን አሰብኩ፣ ልጆቼን አሰብኩ፣ ከሁሉ በላይ የበላይነሽን ፊት አሰብኩ። ፈሪ ነኝ፤ ስለዚህ እንደ ፈሪ ሁሉ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«አያ ጌታሁን የቆጠሩት በእጄ ነው! ሐሙስ ይምጡ፣ በወረቀት አትሜ አቀርባለሁ!»

ሐሳቤ ግልጽ ነው፤ ያቺን መስመር አውጥቼ የሰናይትን ብቻ አትማለሁ። ሽማግሌዎቹን ሸኝቼ እየሮጥኩ ገባሁ፣ ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ ማሽኑ ፓስወርድ አለኝ።

ባዶ። ጭንቅላቴ ውስጥ ነፋስ ነፈሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓስወርድ ቶሎ ቶሎ ይቀየር ስለተባለ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ቀይሬዋለሁ፣ ሦስቱም ዓረፍተ ነገር ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ የሚውል መምህር የትኛውን ዓረፍተ ነገር ያስታውስ? «ምድር በራሷ ዛቢያ ትዞራለች» አልኩት፤ አይደለም። «ዝምታ ወርቅ ነው» አልኩት፤ አይደለም። «ተማሪዎች ጸጥ በሉ» ሁሉ ብየዋለሁ።

ወደ ደህንነት ጥያቄዎቹ ሄድኩ። የመጀመሪያው «ወላጆችህ የተገናኙበት ከተማ የት ነው?» ይላል። መቼም ይህን ጥያቄ ያወጣው ሰው ወሎን አያውቅም። አባቴና እናቴ የተገናኙት የሠርጋቸው ለት ነው፤ ከዚያ በፊት የተገናኙት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ለማንኛውም በሥልጠናው መሠረት ዋሽቻለሁ፤ የአንድ አገር ዋና ከተማ እንዳስገባሁ ትዝ ይለኛል። የየትኛው አገር? ከአፍሪካ ጀመርኩ። ዳካር፣ ባማኮ፣ ዊንድሆክ። ከዚያ ወደ እስያ ተሻገርኩ። አባቴና እናቴን ኡላንባታር ላይ ሳገናኛቸው ማሽኑ መሞከር አብዝተሃል፣ ቆይተህ ተመለስ አለኝ። ሁለተኛው የመጀመሪያ ውሻዬን ስም ይጠይቃል፤ ሦስተኛው የልጅነት ቅጽል ስሜን። ሁለቱንም ዋሽቻለሁ፣ ሁለቱንም አላውቃቸውም። እውነት ብናገር ኖሮ አልረሳም ነበር። ሰው ውሸቱን ለመሸከም ጥሩ ጭንቅላት ያስፈልገዋል፤ ጥሩ ጭንቅላት ቢኖረኝ ደግሞ መጀመሪያውኑ እዚህ አልገባም።

ማክሰኞ ማስተማሩን ትቼ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ ወልድያ ወደ አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰድኩት። ልጁ ገለጥ አድርጎ አየው፣ ቁልፎቹን ነካ ነካ አደረገ፣ ከዚያ በአክብሮት አየኝ።

«ጋሼ፣ ማን ነው እንዲህ የቆለፈው?»

«እኔ።»

«በጣም ጥሩ አድርገው ነው የቆለፉት። ሌባ ቢሰርቀው አንዲት ፊደል አያገኝም።»

«ለሌባው ተወው፤ ባለቤቱስ?»

«የማዳኛ ቁጥሩ ካለ በአምስት ደቂቃ። አርባ ስምንት አሃዝ ነው።»

የያዝኳቸውን አሥራ ሁለቱን በቃሌ ወረድኩለት። ልጁ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ የቀረውን ሠላሳ ስድስት ጠበቀ። እኔም ከሱ ጋር ጠበቅሁ። ኋላ ላፕቶፑን መልሶ በነጠላዬ ጠቀለለልኝ፣ አንሶላ ላይ እንደተኛ በሽተኛ አድርጎ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። ላሟን ታቅፌ ሲሪንቃን አልፌ መርሳ ገባሁ።

ረቡዕ ሰናይት መጣች። እንደ ወትሮዋ ልትቀልድ ነው ብዬ ስጠብቅ ጣቷ ላይ የጣት መከለያዋን እንዳደረገች ቆመች፤ ከስፌት ማሽኑ ተነስታ ሮጣ ነው የመጣችው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። ዝምድና አለን?»

«የላችሁም።»

«እንዴት አወቅህ? ማሽንህ ተቆልፏል ይላሉ።»

ማን አለ? ለማንም አልተናገርኩም። ግን መርሳ ነው።

«አንብቤዋለሁ፣ አስታውሳለሁ» አልኳት።

«ቅድም የት እንዳስቀመጥከው ያላስታወስከውን መነጽር ግንባርህ ላይ አድርገህ ነው የምታወራኝ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ጾሙ ከገባ እስከ ፋሲካ ሁለት ወር ነው ጋሼ። በሁለት ወር ወሬ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ዛሬ ስድስት ቤት ያሉት ለፋሲካ ወንድምና እህት ያደርጉናል። ደረጀ እንኳ ዛሬ ሲያልፍ ጥሩምባውን አልነፋም።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እግዜር ያውቃል፣ ከፈትኩ። በላይነሽ ጓዳ ውስጥ ድስት ስታንኳኳ ሰማሁና ዘጋሁት። በዚያች ሰዓት ራሴን እንደጠላሁት ጠልቼው አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ቤቴ ሞላ። የውርጌሳዎቹ ሽማግሌዎች በአንድ ወገን፣ የእኛ ሰፈር ሰዎች በሌላው። ላፕቶፑን መሐል ላይ በዱካ፣ በዝቅተኛዋ መቀመጫ፣ አስቀመጥኩት። አያ ወርቁ «በል ወረቀቱን» ሲሉ እውነቱን ተናገርኩ፤ ሙሉውን ሳይሆን ግማሹን። ተቆልፎብኛል አልኩ።

«ምን ቢያገኝ ነው የሚከፈተው?» አሉ አያ ወርቁ። ለተበላሸ መኪና መለዋወጫ የሚጠይቁ ይመስላሉ።

«ጥያቄ ይጠይቃል።»

«ታዲያ ይጠይቃ! ይህን ሁሉ ሰው ይዘህ?»

ተስፋ የቆረጠ ሰው ምን ያደርጋል፤ አነበብኩላቸው። «የመጀመሪያ ውሻህ ስም?»

«መቻል!» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ። «ያቺ የእትዬ ዘምዘምን ዶሮ የበላችው!» ብሎ አንዱ ጨመረ። እትዬ ዘምዘምም «ሁለት ነው የበላችው» ብለው አረሙ። አስገባሁት። ስህተት አለ።

«እንዴት ስህተት? እኛ እናውቅ የለም እንዴ?»

«መልሱን… ዋሽቼ ነው ያስገባሁት።»

 አያ ወርቁ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ለራስህ ዕቃ ነው የዋሸኸው?»

«ሥልጠና ላይ ነው እንዲህ ያሉን።»

«ይቀጥል» አሉ። የልጅነት ቅጽል ስምህ የሚለውን ሳላነብ ባልፈው ማን ያውቃል ብዬ ዘለልኩት፤ ሰናይት ግን ከኋላዬ በር ላይ ሆና ማሽኑን እያየች «አንዱን ዘለልክ!» አለች። አነበብኩት።

«ንፍጦ!» አሉ ሁሉም። ያላሉት የውርጌሳ ሰዎች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ሳቃቸውን ለመያዝ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ወስደዋል። የማስተምራቸው ተማሪዎች ወላጆች እኮ ናቸው እነዚህ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ማሽኔ ፊት፣ ሠላሳ ዓመት የቀበርኩት ስም ተነሣ። አስገባሁት። ስህተት አለ። እኔ ለማሽኑ ራሴን ማን ብዬ እንዳስተዋወቅኩ እንጃ፤ ንፍጦ አለማለቴ ግን እርግጥ ነው።

አያ ወርቁ ዱላቸውን አነሱ። «እንግዲህ ለፋሲካ እንገናኝ» ሊሉ እንደሆነ ገባኝ። ሰናይት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ልናገር ተነሣሁ፤ እውነት ነው የምላችሁ፣ ጉሮሮዬን እንኳ ጠርጌ ነበር። ያን ጊዜ በሩ ላይ «አሰላሙ አለይኩም» የሚል ድምፅ መጣ፣ ሸህ ሰኢድ ገቡ። ሁላችንም ተነሣን።

«ምን ሆናችሁ ነው ከብረት ጋር የምትጨቃጨቁት?» አሉ እየተቀመጡ።

«ሸህ፣ የአያ ጌታሁን ቆጠራ ተቆልፎብን ነው» አልኳቸው።

«ጌታሁን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከማን ተምሮ የቆጠረ ይመስልሃል? ከአባቴ ነው። አብረን ነው የተማርነው፤ እሱ ቶሎ ይረሳ ነበር።»

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አሉ። ሸህ ሰኢድ ከቤቴ ሃያ እርምጃ ላይ ነው የሚኖሩት። እኔ ደግሞ ኡላንባታር ድረስ ሄጃለሁ።

«ቢስሚላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የልጅቱ አባት መኮንን። መኮንን የካሳ፣ ካሳ የወልዴ፣ ወልዴ የአደም፣ አደም የይማም፣ ይማም የእንድሪስ።» ቆጠሩ፣ በጣታቸው። በእኛ አገር ሐረግ ውስጥ ሰላት የሰገደውም ቅዳሴ ያስቀደሰውም ተራ ገብቶ ይቆማል፤ ማንም አይደነቅበትም። «ስድስት። እንድሪስ ሁለት ወንድ ልጅ ወለደ። አንዱ ይማም ነው፣ የናንተ። ሁለተኛው…»

በዚህ መሐል በላይነሽ ለእንግዶቹ ውሃ ይዛ ገባች።

ሸህ ሰኢድ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። አዩዋት። ሳሉ።

«ሁለተኛው ወደ ሲሪንቃ ወርዶ ቀረ። አላህ ይዘንለት። እሱ ለዛሬ ጉዳያችን አያስፈልግም።»

ዘወር ብዬ ሰፈሬን አየሁት። እትዬ ዘምዘም ጣሪያውን ያያሉ። የቅሬው ዳኛ ጣሪያውን ያያሉ። ሁሉም፣ አንድ ሳይቀር፣ የቤቴን ቆርቆሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ይመስል አንጋጠዋል። ከውርጌሳዎቹ በስተቀር የማያውቅ አልነበረም።

«እንድሪስ የፈንታው፣ ሰባት። ፈንታው የበሽር፣ ስምንት» ብለው ቀጠሉ ሸህ። «የልጁ ወገን በእንድሪስ በኩል አይመጣም። ሰባተኛው ዳምጤ ነው፤ ዳምጤ የበሽር ልጅ፣ የፈንታው ወንድም። ልጆቹ የሚገናኙት በስምንተኛው በበሽር ነው። እኔም የበሽር ነኝ። አክስቲቱ የሰማችው የሌላ ሰው ነገር ነው፤ የሌላ ሰው ነገር ደግሞ የሌላ ሰው ነው። ወላሂ፣ የምለው ይሄው ነው።»

አያ ወርቁ በጣታቸው ደግመው ቆጠሩ፣ አንዱን የራሳቸውን ሰው ጠየቁ፣ ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «ስምንት ከሆነ ባዳ ናቸው» አሉና ዱላቸውን መልሰው መሬት ላይ አስቀመጡ። ሰናይት እልል አለች፤ ሙሽራ ለራሷ እልል ስትል ነውር ነው ቢባልም ማን ይከልክላት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከአስፋልቱ ላይ የሚኒባስ ጥሩምባ ሲያንባርቅ ተሰማ። ማቆሚያ አልነበረውም፤ ተሳፋሪዎቹ ምን እንዳሉት እንጃ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ላፕቶፑን ከዱካው አንሥቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ልቀብረው ስል በላይነሽ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ። ተቀመጠች። በአንድ ጣቷ፣ ፊደል በፊደል፣ ብዙ ጻፈች። ተከፈተ።

ዱካው ላይ ተቀመጥኩ። «እንዴት አወቅሽው?»

«ስትጽፈው ጮክ ብለህ ነው የምታነበው። ሽንኩርት ስከትፍ አልነበር እንዴ? "የሚስቴ ሽሮ ሁልጊዜ ጨው ይበዛዋል" ብለህ በእንግሊዝኛ ፊደል እየቆጠርክ ጻፍከው። እትዬ ዘምዘምም ከአጥር ማዶ ሰምተዋል።»

የሳምንቱ ሽሮ በሙሉ ባንድ ጊዜ ጉሮሮዬ ላይ መጣ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ስንገላታ ለምን አልነገርሽኝም? እህቴ ስታለቅስ!»

«ቢከፈት ምን እንደሚወጣ ስለማውቅ ነዋ። ሸህ ሰኢድን ማን የጠራቸው መሰለህ?» ጽሑፉን ወደ ታች ወረደችና ጣቷን በትክክል እዚያች መስመር ላይ አሳረፈች። «ይቺን ነው የደበቅከኝ? እናቴ የሠርጋችን ለት ጠዋት ነግራኛለች። አያ ጌታሁን ናቸው "ከተጠራ ድግስ በኋላ አይነገርም፤ ሆድ ከአገር ይሰፋል" ብለው ሁሉንም ያስማሉት።»

አሥራ ሰባት ዓመት። ሰማንያ አባወራ። ያለ አንድ ፓስወርድ።

«አንቺስ?» አልኳት፤ ድምፄ ንፍጦን ይመስል ነበር። «እያወቅሽ ለምን አገባሽኝ?»

በላይነሽ ላፕቶፑን ዘጋችው። አናቴን ትንሽ አየችው።

«ያኔ ጸጉር ነበረህ» አለችና ምሳ ልታቀርብ ወደ ጓዳ ገባች።